የማይፈታው ቡሎንና የመለዋወጫ ነጋዴው ድርሻ

በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ፣ በርእሰ ከተማዋ በአንበሳሜ ዙሪያና ከጉማራ ወንዝ ማዶ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ትራክተር ሲያርስ ማየት እንደ ቀድሞው ዘመን ሕፃናትን የሚያስሮጥ ትንግርት መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ መሣሪያ በአስመጪዎችና በባለሱቆች መካከል ንግግር በተነሣ ጊዜ ግን የሚወሳው ሁልጊዜ የፈረስ ጉልበቱ፣ የዋጋው፣ የባንክ ብድሩና የቀረጡ ነገር ነው። ከመሣሪያው ሆድ ሥር ተደብቆ ስለሚኖረው ስለ ዘይት ማፍሰሻው ቡሎን አንድም ቃል ሲነገር አይሰማም። ትራክተሩ አዲስ ሳለ ማንም የማያስበው ይህ ቡሎን፣ መሣሪያው ባረጀ ጊዜ የባለቤቱ ራስ ምታት፣ የመካኒኩ እፍረት፣ አንዳንድ ጊዜም የሞተሩ ሞት ምክንያት ይሆናል። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ሥሩ ሲመረመር የሚገኘው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው በሞተር የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ ዘይቱን በየጊዜው መለወጥ ይኖርበታል። በብዙዎቹ አሮጌ ትራክተሮች መመሪያ የሞተሩ ዘይት ከ100 እስከ 250 በሚደርስ የሥራ ሰዓት እንዲለወጥ ታዟል፤ የካምቢዮውና የኋላው ዲፈረንሻል ዘይት ከዚህ ረዘም ላለ ጊዜ ይቈያል። አሮጌው ዘይት የሚወጣው ከዘይቱ ቋት ግርጌ ባለው ቀዳዳ ሲሆን፣ ቀዳዳውን የሚዘጋው ይኸው ቡሎን ነው። ቡሎኑ አልፈታም ያለ እንደ ሆነ ባለትራክተሩ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አሮጌውን ዘይት ከነጥላሸቱና ከነብረት ብናኙ አሳድሮ ከላይ አዲስ ይጨምርበታል፤ ወይም መሮና መዶሻ ይዞ ይገጥመዋል። የፊተኛው መንገድ ሞተሩን ቀስ በቀስ ይገድለዋል፤ የኋለኛው የዘይቱን ቋት ሰንጥቆ ትራክተሩን በአንድ ቀን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል።

ይህ አደጋ በጥር ወር ቢደርስ ኪሳራው የጥገና ገንዘብ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ባለትራክተሩ ስለ ዘይት የሚያስበው እርሻ ሲቃረብ ስለ ሆነ፣ ቡሎኑ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዝናብ ምድሩን ባለሰለሰበት ሰሞን ነው። ለጎረቤት በኪራይ የሚያርስ ሰው የዓመት ገቢውን አብዛኛውን የሚሰበስበው ከዚያ አንሥቶ ዘር እስኪገባ ድረስ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ትራክተሩ በነዚህ ሳምንታት ከቆመ፣ ተራ ይዘው የሚጠብቁት ገበሬዎች በሬ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ በሬ ያጣው መሬቱ ሳይገለበጥ ዝናቡ ያልፍበታል። ከዚያም በኋላ ስለ ተቀበለው ቀብድ፣ ቡሎኑን ሰበረ ስለተባለው መካኒክና ስለ ካሣው የሚደረገው ክርክር ከእርሻው ወራት ይረዝማል።

የአንበሳሜና የፎገራ አካባቢ ቡሎን ከሌላው አገር ቡሎን ይልቅ የሚጨክንበት የራሱ ምክንያት አለው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው ሜዳ ክረምት በገባ ጊዜ ውሃ የሚተኛበት፣ አፈሩም የሚያጣብቅ ዋልካ ነው። ሩዝ ወደዚህ አገር የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ሲሆን፣ በደራ የጅግና፣ በፎገራ የሻጋ አምራች ገበሬዎች ማኅበራት ቀዳሚዎቹ ሞካሪዎች ነበሩ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው የታወቀው የሩዝ ዘርም ስሙን የወሰደው ከዚያችው ከደራዋ ጅግና ነው። ሩዝ ለገበሬው በረከት ሆኗል፤ ለትራክተሩ ሆድ ግን በረከት አይደለም። ጭቃው በቡሎኑ ዙሪያ ተለጥፎ ይደርቃል፤ ሳይፈገፈግ ይከርማል፤ እርጥበቱንም እንደ ጨርቅ ይዞ ያቈያል። በውጭ በኩል ያለው ዝገት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከውስጥም ሌላ ዝገት አለ። በጎርፍ ውስጥ የሚሠራ ትራክተር በአሮጌ ማኅተሞቹና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ወደ ካምቢዮው ሊያስገባ ይችላል። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ወርዶ የሚተኛው ከታች፣ በትክክል ቡሎኑ ካለበት ቦታ ላይ ነው። ቡሎኑ በየጊዜው ቢፈታ ኖሮ ከዘይቱ በፊት ጠብ የሚለው ውሃ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ በሆነው ነበር። ሳይፈታ የከረመ ቡሎን ይህን ወሬ ይዞ ይቀመጣል፤ ጥርሶችም በዝገት ይበላሉ።

ከውሃውና ከጭቃው ይልቅ ግን የሚከፋው የሰው እጅ የሚያመጣው ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ በቡሎኑ ራስና በቋቱ መካከል መካኒኮች ሮንዴላ የሚሏት አንዲት የመዳብ ቀለበት አለች። መዳብ ለስላሳ ነውና ሲጠብቅባት ትጨፈለቃለች፤ በዚህም ዘይቱን ታግዳለች። አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀች በኋላ ትደነድናለች፤ ሁለተኛ ስትገባ አታግድም። ይህን ጊዜ ዘይቱ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። አዲስ ሮንዴላ በሱቅ ቢገኝ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ባለቀ ነበር። ስለማይገኝ ግን ሠራተኛው የመፍቻውን እጀታ በአንድ ሜትር ቱቦ አስረዝሞ ቡሎኑን ከልክ በላይ ያጠብቀዋል። አንዳንዱም ጥርሱን በገመድ ጭረት ወይም በሙጫ ይጠቀልለዋል። በሚከተለው ዓመት «ይህን ቡሎን ያሠረው ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ አይገኝም፤ ያሠረው የሮንዴላ እጦት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የልክ መቀላቀል ሲሆን፣ አስመጪዎች በተለይ ሊያስቡበት የሚገባው ይህንኑ ነው። ትራክተር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከአንድ አገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ በሰቲት ሁመራም ሰፋፊ እርሻዎች በሚከፈቱበት ጊዜ፣ የእንግሊዝና የኢጣልያ ሥራ የሆኑ ትራክተሮች በገበያው የታወቁ ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በናዝሬት በተሠራው ፋብሪካ ቤላሩስ ይገጣጠም ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሕንድ፣ የቻይናና የቱርክ ሥራዎች ተከትለዋል። እያንዳንዱ አገር መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የቡሎኑን ልክም ይዞ መጣ።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥርስ ሥርዓት ማእዘኑ 55 ዲግሪ ነው። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በ1948 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት የጋራ ሥርዓት 60 ዲግሪ ነው። የሜትሩም ሥርዓት 60 ዲግሪ ሲሆን፣ የጥርሱ ርቀት ግን በሚሊ ሜትር ይለካል። የግማሽ ኢንች ቡሎን በዊትዎርዝ በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ፣ በጋራው ሥርዓት በሸካራው ዐይነት 13 ጥርስ አለው። በዐይን ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። አንዱ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ያህል በእጅ ይገባና ይነክሳል፤ በዚህ ጊዜ የተቻኰለ ሠራተኛ «ዝገት ነው» ብሎ በጕልበት ይጨርሰዋል። እንዲህ የገባ ቡሎን ዘይቱን ለጊዜው ያግዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጣ ግን የቋቱን ጥርስ ይዞ ይወጣል። በመርካቶ በሶማሌ ተራ አሮጌ ቡሎን በእጁ ይዞ «ይህን የሚመስል» ብሎ የሚገዛ ደንበኛ፣ ከሻጩ ጋራ በቅን ልቡና ተስማምቶ ጥፋት ገዝቶ ይመለሳል።

የመፍቻውም ልክ እንዲሁ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ኢንች ራስ ላለው ቡሎን የ25 ቁጥር መፍቻ አይገባም፤ የ26 ቁጥር ደግሞ ይላላል። በላላው መፍቻ ላይ ቱቦ ሲጨመርበት የቡሎኑ ማእዘኖች ተላጭተው ራሱ ክብ ይሆናል። የሦስት አራተኛ ኢንቹ ራስ 19.05 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ደህና የተሠራ የ19 ቁጥር መፍቻ ሊስማማው ይችላል። የአሥራ ሦስት አሥራ ስድስተኛው ኢንች ራስ 20.6 ሚሊ ሜትር ነውና በ21 ቁጥር ሊፈታ ቢሞከር ይንሸራተታል። በየሱቁ የሚሸጠው የመፍቻ ስብስብ ሁሉ የሜትር ልክ ሆኖ ሳለ፣ የኢንች ልክ ያላቸው አሮጌ ትራክተሮች ግን ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ቡሎኑ አልፈታም ብሎ በተገኘ ጊዜ መደረግ የሚገባውን ማወቅ ለባለሱቁም ይጠቅማል፤ ዕቃውን የሚጠይቀው ደንበኛ ምክሩንም አብሮ ይጠይቀዋልና።

ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው የመሙያው ክዳን ነው። የካምቢዮው መሙያ ክዳን መፈታቱ ሳይረጋገጥ የማፍሰሻው ቡሎን ቢከፈት፣ ዘይቱ ፈስሶ አልቆ አዲስ የሚገባበት መንገድ ሊታጣ ይችላል። ቀጥሎ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይነሣና ዘይቱ ለብ ይላል፤ የፈላ ዘይት ግን እጅን ያቃጥላልና ልክ አለው። ከዚያ ጭቃው በካቻቪቴ ጫፍ ተፈልቅቆ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ፣ የቡሎኑ ራስ ጥርት ብሎ መታየት ይኖርበታል። በጭቃ የተሸፈነ ራስ ላይ የተገጠመ ቡሶላ ግማሽ መንገድ ብቻ ይገባል፤ ማእዘኑንም ይልጠዋል። ቡሶላው ባለ 12 ማእዘን ሳይሆን ባለ 6 ማእዘን ይሁን። ባለ 6ቱ ጎኑን በሰፊው ይይዛል፤ ባለ 12ቱ በማእዘኑ ጫፍ ላይ ብቻ ያርፋል። በአሮጌ ትራክተሮች ካምቢዮ ላይ የሚገኘው ቡሎን አንዳንድ ጊዜ ራስ የለውም፤ በመካከሉ አራት ማእዘን ጉድጓድ ብቻ አለው። ለዚህ ከአራት ማእዘን ብረት በሞረድ ተስተካክሎ የተሠራ ቁልፍ እንጂ በጉድጓዱ ውስጥ የሚጠመዘዝ ካቻቪቴ አይበጅም።

የሚያስቅ ቢመስልም ብዙ ቡሎን የሚጠፋው በአቅጣጫ ስሕተት ነው። በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ የሚያይ ሰውና ከጎን ቆሞ እጁን ወደ ታች የሰደደ ሰው ቀኝና ግራቸው ይለዋወጣል። ቡሎኑን ከፊት ለፊቱ ለሚያይ ሰው መፍቻው የሰዓት ቈጣሪ ከሚዞርበት ተቃራኒ ነው። «እምቢ አለ» ተብሎ በሁለት ሰው ጕልበት የተጎተተው ቡሎን ሲጠብቅ ያረፈደ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ዝገት አላቃቂ ዘይት ይቀባል። በጣሳ ታሽጎ የሚሸጠው ባይገኝ፣ ናፍጣ ከቀጭን ዘይት ጋራ ተቀላቅሎ ያገለግላል፤ አንዳንድ መካኒኮች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ይቀላቅላሉ፤ ይህ ግን እሳት የሚስብ ስለ ሆነ ጥንቃቄ ይሻል። ቡሎኑ ወደ ታች የተንጠለጠለ እንደ መሆኑ ዘይቱ በተቀባበት ሰዓት ወደ ምድር ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ቀብቶ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። በዘይት የተነከረ ጨርቅ በቡሎኑ ዙሪያ ታሥሮ ቢያድር፣ በነጋው ሌላ ቢተካበት፣ ለዝገቱ ጊዜ ይሰጠዋል። በዚህ መካከል የቡሎኑ ራስ በመጠነኛ መዶሻ ቀጥ ተደርጎ፣ ሳይበረታ፣ ደጋግሞ ይመታል። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰብረዋል። ለመፍታት ሲሞከርም መጀመሪያ በመፍቻው አቅጣጫ ሳይሆን በማጥበቂያው አቅጣጫ ጥቂት ንቅንቅ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው መመለስ ይገባል። ከተላቀቀ በኋላም ሩብ ዙር ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ እየተባለ ይወጣል እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይጎተትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ የቀረው እሳት ነው። እሳቱ የሚሰጠው ለቡሎኑ ሳይሆን በዙሪያው ላለው ብረት ነው፤ ቀዳዳው ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቡሎኑ ገና ሳይሰፋ ይላቀቃል። ቋቱ ከአሉሚኒየም የተሠራ እንደ ሆነ አሉሚኒየም ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ጥቂት ሙቀት ይበቃዋል፤ ከበዛ ይቀልጣል። በውስጡ ዘይት አለና የመሙያው ክዳን ተከፍቶ እንፋሎቱ መውጫ ማግኘት አለበት፤ ነዳጅ የሚያንጠባጥብ ትራክተር ግን ጨርሶ ወደ እሳት አይቀርብም። አሸዋ በባልዲ፣ የእሳት ማጥፊያም በእጅ ይሁን።

በዚህ ላይ የደቡብ ጎንደር ገበያ ከውጭ አገር ሳይጠበቅ የሚሰጠው አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ሰም ነው። ብረቱ በጋለ ጊዜ የሰም ቁራጭ ወይም ጧፍ ከቡሎኑ ጎን ቢነካ ቀልጦ በጥርሶቹ መካከል ይሳባል፤ ሲፈታም ያለሰልሰዋል። የውጭ አገር መካኒኮችም የሻማ ሰም እንዲሁ ያደርጉበታል። የንብ ሰም ለውጭ ገበያ ሲቀርብ የኖረ የኢትዮጵያ ሸቀጥ ነው፤ ላኪዎች በጋራዥ ውስጥ ደንበኛ እንዳላቸው ግን ሳያስቡት ቀርተው ይሆናል።

የጋለ ብረትን ቀለም አይቶ ልኩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በየገጠሩ አለ፤ ስሙ ቀጥቃጭ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ባሠሩ ጊዜ፣ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ታላቅ መድፍ የፈሰሰው በዚህ በደጋው ምድር ነበር። የአውሮፓ ሚስዮናውያን ጥበበኞች ሥራውን መሩት፤ እሳቱን ካነደዱትና መዶሻውን ካነሡት መካከል ግን የአገሩ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሙያ በስድብ ስም ሲጠራ መኖሩ ለሀገሩ ክብር አልሆነም። ዛሬ ለአሮጌ ትራክተር አራት ማእዘን ቁልፍ ሠርቶ የሚሰጥ፣ ደንድና የወጣችውንም የመዳብ ሮንዴላ እስክትቀላ አግሎ በውሃ በመንከር መልሶ የሚያለሰልስ ሰው ከአንበሳሜ ገበያ ሩቅ አይደለም። መዳብ እንደ ብረት በውሃ ሲነከር አይደነድንም፤ ይለሰልሳል። ይህን ብልሃት የሚያውቅ ባለጋራዥ በሮንዴላ እጦት ቡሎን አያንቅም።

የቡሎኑ ራስ ተላጭቶ ክብ ከሆነ በሞረድ ሁለት ጎን ተበጅቶለት አነስ ባለ መፍቻ ይሞከራል፤ አለበለዚያ ዳዶ በላዩ ላይ ይበየድበታል። የብየዳው ሙቀት ራሱ ቡሎኑን ያላቅቀዋልና ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይሠምራል፤ ከዚያ በፊት የባትሪው ሽቦ መነቀል አለበት። በትራፓኖ መብሳት የመጨረሻው ነው፤ ቀዳዳው ከመካከል ካልወጣ ጥርሱን ይበላል፤ ብናኙም ወደ ውስጥ ይገባልና ቋቱ በናፍጣ ሳይታጠብ ሞተሩ አይነሣም። መሮ ግን ከነዚህ ከማናቸውም በፊት ሊነሣ አይገባውም።

የእርሻ ወራት ከደረሰና ቡሎኑ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተፈታ፣ ከቡሎኑ ጋራ መታገሉን ትቶ አሮጌውን ዘይት በዘይት መለኪያው ዘንግ ቀዳዳ በኩል በእጅ ፓምፕ መሳብ የተሻለ ነው። ግርጌ ያለው ዝቃጭ ሁሉ አይወጣም፤ ቢሆንም አዲሱ ዘይት ይገባል፣ ትራክተሩ ያርሳል፣ ቡሎኑም እስከ ጥቅምት ይቈያል። ይህን የሚንቁ መካኒኮች አሉ። እነርሱ ግን ያረሱት መሬት የላቸውም።

አሁን ነገሩን ወደ ሱቁ መመለስ ይገባል። የመለዋወጫ ነጋዴው በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «በዓመት ሁለት ቡሎን ለመሸጥ ገንዘቤን በመደርደሪያ ላይ አላሥርም» ይላል። ሒሳቡ ለቡሎኑ ለብቻው እውነት ነው። ይሁን እንጂ የመዳብ ሮንዴላ የትራክተር ብቻ አይደለችም። ከፎገራ ሽንኩርትና ሩዝ የሚጭነው አይሱዙ፣ በመስኖ ዳር የሚያጓራው የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮው ሞተር፣ ጄኔሬተሩም ያችኑ ሮንዴላ በየልኩ ይሻሉ። በልክ በልኩ የተከፋፈለች አንዲት ሣጥን ከአንድ ክላሰር አትሰፋም፤ ክብደቷም ከጥቂት ኪሎ አያልፍም። ባለ 6 ማእዘን የኢንች ቡሶላ ደግሞ ለሽያጭ ባይሄድ እንኳ ለኪራይ ይሆናል፤ በአንድ ከተማ አንድ ስብስብ ለብዙ ባለትራክተሮች ይበቃል።

አስመጪውም የራሱ ድርሻ አለው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ ሙሉ ትራክተር ማስገባት ቀሎ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ግን የብር ዋጋ ስለ ወረደ፣ አንድ ሞተር ሲበላሽ መልሶ ለማሠራት የሚጠየቀው ገንዘብ ከቀድሞው ጋራ አይመሳሰልም። እንዲህ በሆነበት ጊዜ ትራክተር ያለ ትናንሽ መለዋወጫዎቹ መሸጥ ደንበኛን ለአንድ ጊዜ ብቻ ማግኘት ነው። በእያንዳንዱ ትራክተር ሣጥን ውስጥ ሁለት ሁለት ትርፍ ማፍሰሻ ቡሎን፣ ዐሥር ሮንዴላና ልኩ የሆነ አንድ ቁልፍ እንዲጨመር ከአምራቹ ጋራ በውሉ ላይ ቢጻፍ፣ የጭነቱ ዋጋ ሊታወቅ እንኳ አይችልም። የጥገናውን መመሪያ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ሰጥቶ መሸኘትም የሚያስተዛዝብ ልማድ ነው፤ የማፍሰሻዎቹን ቦታ፣ የጥርሱን ልክና የማጥበቂያውን መጠን የሚናገር አንድ ገጽ በአማርኛ ማሳተም ከባድ አይደለም።

ሁሉንም ከአዲስ አበባ መጠበቅ እንደማይበጅ ያለፉት ዓመታት በቂ ትምህርት ሰጥተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋበት ቀን ጥቂት አልነበረም። መንገድ በተዘጋ ጊዜ በመርካቶ የሞላ ዕቃ በአንበሳሜ እንደሌለ ይቈጠራል። በመተማ፣ በቋራና በሁመራ ቈላ የሰሊጡን መሬት የሚያርሱት ትራክተሮችም በዚሁ ችግር ውስጥ ናቸው፤ ሰሊጥ ላኪው ከሰኔ በፊት በቆመ ትራክተር ምክንያት የሚጎድልበትን ኩንታል በጥቅምት ያየዋል። ቡሎኑንም ቢሆን የግድ ከባሕር ማዶ ማምጣት አያስፈልግም። በባሕር ዳርና በጎንደር ያሉ የቶርኖ ቤቶች የተሰጣቸውን ልክ ጠብቀው ሊሠሩት ይችላሉ፤ የሚጎድለው ትክክለኛውን ልክ አውቆ የሚያዝዝ ነጋዴ ነው።

ልኩን ለማወቅ ደግሞ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ጣት ያህል ውፍረት ያለው አንድ የብረት ሰሌዳ ተወስዶ፣ በአካባቢው ያሉት ትራክተሮች፣ አይሱዙዎችና ፓምፖች የሚጠቀሙባቸው የጥርስ ዐይነቶች ሁሉ አንድ አንድ ቀዳዳ ተበስቶላቸው ጥርስ ይወጣላቸዋል፤ በየቀዳዳውም ጎን ልኩና የሥርዓቱ ስም በማኅተም ይመታል። ደንበኛው አሮጌውን ቡሎን ይዞ በመጣ ጊዜ ባለሱቁ በዐይኑ መገመቱን ትቶ በሰሌዳው ላይ ይሞክረዋል፤ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው የገባበት ቀዳዳ ልኩ ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ዙር በኋላ የነከሰው ግን አይደለም። ጥርሱ የተበላ ቡሎን ከመጣ የትራክተሩ ስም፣ ሞዴሉና የሞተሩ ዐይነት ይጠየቃል እንጂ አይገመትም። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ማንኛውም የቶርኖ ቤት በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ ቦታውም በሱቁ ባንኮ ላይ፣ ከሮንዴላው ሣጥን አጠገብ ነው።